ግመሉ፣ ናፍጣውና ባትሪው፦ የጎጃም መንገድ የስንቅ ሂሳብ

ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ተመልሰው በኦሜድላ በኩል የኢትዮጵያን መሬት ረገጡ። ከፊታቸው የተዘረጋው መንገድ ከሱዳን ጠረፍ ቆላ ተነሥቶ፣ በበላያ ተራራ በኩል አልፎ ወደ ጎጃም ደጋ የሚወጣ ነበር። ከዚያ በቡሬና በደብረ ማርቆስ አድርጎ፣ ዓባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ ይገባል። በእንግሊዛዊው መኮንን በኦርድ ዊንጌት የሚመራውና በኋላ «የጌዴዎን ጦር» የተባለው ኃይል ስንቁንና ጥይቱን የጫነው በግመል ነው። ከሱዳን የተነሡት ግመሎች ከ15 ሺህ በላይ ነበሩ። አዲስ አበባ የደረሱት ግን 50 ገደማ ብቻ ናቸው።

አብዛኞቹን ግመሎች የፈጃቸው የጣሊያን ጥይት አልነበረም። ቆላ ተወልደው ቆላ ያደጉ እንስሳት ናቸው። ዳገቱ ሲጀምር የለመዱትን መኖ አጡ። ሌሊት ሌሊት የደጋው ብርድ ያዛቸው። ጭነቱ ግን ከጀርባቸው አልቀነሰም። አንድ በአንድ እየወደቁ ቀሩ፤ ከኋላ የሚመጣው ሰው መንገዱን በግመል ሬሳ ያውቀው ነበር ይባላል።

በወረቀት ላይ ሂሳቡ ትክክል ነበር። አንድ ግመል ይህን ያህል ይጭናል፣ በቀን ይህን ያህል ይጓዛል፣ መንገዱ ይህን ያህል ይረዝማል ተብሎ ተሰልቷል። ከሂሳቡ የጎደለው አንድ ነገር ነው። ግመል የሚበላው በሄደበት ርቀት ልክ አይደለም፤ በቀን ነው። ቆሞም ቢያድር ይበላል። ቆሞም ቢያድር ከብርዱ ጋር ለመታገል ከሰውነቱ ያወጣል። መንገዱ በዘገየ ቁጥር ስንቁ ያልቃል፤ ርቀቱ ግን አንድ ክንድ አይቀንስም።

ከሰማንያ ዓመት በላይ አልፎ ዛሬ በዚያው መንገድ ላይ ሌላ እንግዳ ተጓዥ መጥቷል። ይህኛው መኖ አይፈልግም፣ ጭስም የለውም። የኤሌክትሪክ መኪና ነው። የገባበት ፈተና ግን የግመሉን ይመስላል፤ የተሰላለት በኪሎሜትር ነው፣ ስንቁን የሚበላው ግን በሰዓትም ጭምር ነው።

ቅፍለቱ የሚያውቀው ነገር

ከሞተር በፊት የጎጃም ነጋዴ ይህን ሂሳብ ከማንም በላይ ያውቀው ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የደቡብ ጎጃሙ የባሶ ገበያ ከዓባይ ማዶ፣ ከጉድሩና ከእናርያ፣ የሚመጣውን ቡና፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ተቀብሎ ወደ ሰሜን የሚያሳልፍ ትልቅ ገበያ ነበር። ወደዚያ የሚመጣ ቅፍለት ሁሉ በዓባይ በረሃ ማለፍ ግዴታው ነው።

ነጋዴው ክረምት ላይ አይሞክረውም፤ ወንዙ ይሞላል። በበጋም ቢሆን ቁልቁለቱን የሚጀምረው ጎህ ሳይቀድ ነው። ፀሐይ አናት ላይ ሳትወጣ ወንዙን ተሻግሮ ዳገቱን መያዝ አለበት። በረሃው ውስጥ ማደር የተፈራ ነገር ነው፤ ንዳድ አለ። በቅሎው በሙቀት ከደከመ ጭነቱ እዚያው ይቀራል። ደጋው ላይ ሲደርስ ደግሞ ጋቢ ይፈታል፣ እሳት ይነዳል፣ ለከብቱም መጠለያ ይፈለጋል።

ስለዚህ ማረፊያዎቹ በዘፈቀደ የተመረጡ አልነበሩም። ውኃ ያለበት፣ ሣር ያለበት፣ ሌሊቱ ከብት የማይገድልበት ቦታ ተፈልጎ ነው የተሰፈረው። ዛሬ በአስፋልቱ ዳር በሰልፍ የምናያቸው ከተሞች፣ ደጀን፣ ደብረ ማርቆስ፣ ደምበጫ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ ዳንግላ፣ አቀማመጣቸው ለእግረኛና ለጭነት ከብት የሚመች ነው። ተጓዥ ስንቁ ሳያልቅ ከአንዱ ወደ ሌላው ይደርሳል። መንገዱ የተሠራው በስንቅ ልክ ነበር ማለት ይቻላል።

በነጻ የተገኘው ሙቀት

ከዚያ ሞተር መጣ። የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ የአገሪቱ ዋና መንገዶች በጭነት መኪናና በአውቶቡስ ተያዙ። በጎጃም መስመርም እነ ኤንትሬ፣ በኋላም እነ አይሱዙና ቅጥቅጥ ነገሡ። ሰውም የስንቁን ሂሳብ ረሳው።

የረሳበት ምክንያት አለው። የቤንዚን ሞተር ከሚያቃጥለው ነዳጅ ውስጥ ጎማ ላይ የሚደርሰው ጉልበት ሩብ ገደማ ነው፤ ናፍጣው ትንሽ ይሻላል። ሌላው በአብዛኛው ሙቀት ሆኖ በራዲያተርና በጭስ ማውጫ ይወጣል። የመኪና ማሞቂያ የሚባለው ነገር ከዚህ ከሚባክን ሙቀት ጥቂቱን ወደ ውስጥ የሚያስገባ ትንሽ ራዲያተርና ማራገቢያ ነው። ለሾፌሩ ምንም አያስወጣውም። በታኅሣሥ ማለዳ ደጀን አፋፍ ላይ ጣት የሚያደነዝዝ ብርድ ቢኖር ሞተሩ እስኪሞቅ መታገሥ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሙቀቱ በነጻ ይመጣል።

ዓባይ በረሃ ውስጥ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። አፋፉ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ፣ ወንዙ ያለበት ከ1,000 ሜትር ትንሽ ከፍ ያለ ነው። በዚያ ዳገት የተጫነ አሮጌ መኪና ሲወጣ ሞተሩ ይግላል። ልምድ ያለው ሾፌር የሚያደርገውን ያየ ያውቀዋል። ተሳፋሪው ከውጭ ባለው ግለት እየቀለጠ ሳለ ሾፌሩ ማሞቂያውን ይከፍተዋል! የሞተሩን ሙቀት በተገኘው ቀዳዳ ሁሉ ለማስወጣት ነው። ያም ካልበቃ ዳር ይዞ ኮፈኑን ከፍቶ፣ ረዳቱን ውኃ ያስቀዳል።

ተሳፋሪውስ? ተሳፋሪው የራሱ ሕግ አለው። ከኋላ አንዱ ወጣት መስኮት ሲከፍት ከፊት አንዲት እናት «ልጄ፣ ዝጋው እባክህ፣ ብርድ ይመታኛል» ይላሉ። ይዘጋል። አርባ ሰው በተዘጋ አውቶቡስ በረሃውን ይወርዳል፣ በረሃውን ይወጣል። ኤሲ የሚባል ነገር ለብዙዎቹ ተሳፋሪዎች የመሥሪያ ቤት መኪና ወሬ ነበር። ፓካርድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ መኪናን ከነማቀዝቀዣው ለገበያ ያቀረበው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1940 ሞዴሉ ነው፤ የጎጃም ተሳፋሪ ግን ከዚያ ብዙ አሥርት ዓመታት በኋላም በረሃውን የሚያልፈው በላቡ ነበር።

በነዳጅ መኪናም ቢሆን ኤሲ ሲከፈት ነዳጅ ይጨምራል። ግን ማን ያስተውለዋል? በየከተማው ማደያ አለ። ማደያው ቢደርቅ እንኳ በመንገድ ዳር በጀሪካንና በሃይላንድ ጠርሙስ የሚቸረችር አይጠፋም። ትንሽ ቢባክን የሚተካ ነገር ቅርብ ስለሆነ ሂሳቡን የሚይዝ ሰው አልነበረም።

በካታሎግ ላይ የተጻፈው ቁጥር

መንግሥት በ2014 ዓ.ም. ለኤሌክትሪክ መኪኖች ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነጻ የሆነ አሠራር አወጣ። ሙሉ በሙሉ ተፈታትቶ የሚገባው የጉምሩክ ቀረጡም ዜሮ ሆነ፤ በከፊል የተገጣጠመው 5 በመቶ፣ ተገጣጥሞ ያለቀው 15 በመቶ እንዲከፍል ተወሰነ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ ይፋ አደረጉ። ኢትዮጵያ በዓለም ላይ እንዲህ ያለ እገዳ በመጣል ቀዳሚ ሆነች። ዛሬ ባለሥልጣናት በአገሪቱ ያሉትን የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች ከ100 ሺህ በላይ ያደርሷቸዋል።

ምክንያቱ የሚገባ ነው። ነዳጅ በዶላር ይገዛል፤ ኤሌክትሪኩ የአገር ውስጥ ውኃ ነው። ያ ደጀን ላይ ቁልቁል የሚታየው ዓባይ ወርዶ ወርዶ ጉባ ላይ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በተመረቀው በሕዳሴ ግድብ፣ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያላቸውን ተርባይኖች ያዞራል። ሰው ዘመኑን ሁሉ የተፈተነበት ወንዝ አሁን መኪናውን ሊያሽከረክርለት ነው። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ችግሩ የሚጀምረው ከሻጩ ካታሎግ ላይ ነው። «አንድ ጊዜ ቻርጅ ተደርጎ 400 ኪሎሜትር» ይላል እንበል። ይህ ቁጥር ውሸት አይደለም። ግን የቻይናው «ሲኤልቲሲ» እና የአውሮፓው «ደብሊውኤልቲፒ» በሚባሉት መለኪያዎች የሚወጣው ዋናው ቁጥር የሚገኘው በተመቸ ሙቀት፣ ዳገት በሌለበት መሞከሪያ፣ ኤሲውም ማሞቂያውም ጠፍቶ ነው። የቻይናው መለኪያ ደግሞ የከተማ ዝግ ያለ ጉዞ ይበዛዋል። እንግዲህ ይህን ቁጥር ይዞ ዓባይን የሚወርድ ሰው የጌዴዎን ጦር የግመል ሂሳብ ይዞ መውረዱ ነው።

ማሞቂያውና ማቀዝቀዣው ምን ያህል ይወስዳሉ? የአሜሪካ አውቶሞቢል ማኅበር (ትሪፕል ኤ) እንደ አውሮፓውያን በ2019 አምስት የኤሌክትሪክ መኪኖችን ፈትኖ ነበር። ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ በሚደርስ ብርድ ማሞቂያ ተከፍቶ ሲነዱ የሚሄዱት ርቀት በአማካይ 41 በመቶ ወረደ። ማሞቂያው ሳይከፈት በዚያው ብርድ የወረደው 12 በመቶ ብቻ ነው። በ35 ዲግሪ ሙቀት ደግሞ ኤሲ ተከፍቶ 17 በመቶ፣ ሳይከፈት 4 በመቶ ቀነሰ። ትልቁን ድርሻ የሚወስደው የውጭው አየር ሳይሆን የተሳፋሪው ምቾት ነው ማለት ነው።

ማሞቂያ ከማቀዝቀዣ ለምን ባሰ? የኤሌክትሪክ ሞተር ጉልበት አያባክንም። ከባትሪው የሚወጣው አብዛኛው ጎማ ላይ ይደርሳል። ይህ በጎነቱ ነው፤ ግን የሚባክን ሙቀት ስለሌለው ለተሳፋሪው በነጻ የሚሰጠው የለውም። ሙቀት ካስፈለገ ከራሱ ከባትሪው መሠራት አለበት። ርካሽ መኪኖች ላይ የሚሠራው እንደ ኤሌክትሪክ ምድጃ ነው፤ አንድ ኪሎዋት አስገብቶ አንድ ኪሎዋት ሙቀት ያወጣል። ከብርዱ ጋር ያለው ልዩነትም በበረዶ አገር ክረምት 30 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል፤ በጋ ላይ ግን ከ35 ወደ 24 ለማውረድ 11 ዲግሪ ብቻ ነው።

ለዚህ መፍትሔ ሆኖ የመጣው «ሂት ፓምፕ» ነው። እንደ ፍሪጅ የሚሠራ ሆኖ አቅጣጫው የተገለበጠ ነው፤ ከውጭ አየር ውስጥ ያለውን ሙቀት ለቅሞ ወደ ውስጥ ያስገባል። አንድ ኪሎዋት አስገብቶ ሁለትና ሦስት ኪሎዋት ሙቀት ሊሰጥ ይችላል። የኒሳን ሊፍ የመጀመሪያዎቹ መኪኖች የምድጃውን ዓይነት ይዘው ወጡ፤ በ2013ቱ ሞዴል ሂት ፓምፕ ገባ። ቴስላም ሞዴል ዋይን ሲያወጣ በ2020 ተከተለ። ይህ መሣሪያ ከሁሉ የሚሠራው ብርዱ መካከለኛ በሆነበት ቦታ ነው። የምዕራብ ጎጃም ማለዳ ደግሞ በትክክል እንዲህ ያለ ነው፤ በረዶ የሌለበት፣ ጋቢ የሚያስደርብ።

በሰዓት የሚከፈል፣ በኪሎሜትር የሚለካ

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚስተው። ለስሌት ያህል 100 ኪሎሜትር ለመሄድ 15 ኪሎዋት ሰዓት የሚፈጅ መካከለኛ መኪና እንውሰድ። ኤሲው አንዴ ከቀዘቀዘ በኋላ አንድ ኪሎዋት ይጎትታል እንበል። በሰዓት 60 ኪሎሜትር ሲነዳ ለመንዳት 9፣ ለኤሲ 1 ይሄዳል። ብዙ አይደለም። መንገዱ ተበላሽቶ በሰዓት 30 ሲነዳ ለመንዳት 4.5፣ ለኤሲ ያው 1 ይሄዳል፤ አሁን ከአምስት አንድ እጅ ገደማ ሆነ። ሰልፍ ላይ ከቆመ ለመንዳት ዜሮ፣ ለኤሲ አሁንም 1 ነው። ቆሞ የሚውል መኪና በየሰዓቱ ከ6 እስከ 7 ኪሎሜትር የሚያስኬደውን ይበላል።

መንገድ በኪሎሜትር ይለካል፤ ሙቀትና ቅዝቃዜ ግን በሰዓት ይከፈላል። ግመሉን የገደለው ይኸው ልዩነት ነበር።

ከአዲስ አበባ ፍኖተ ሰላም 385 ኪሎሜትር ገደማ ነው። ማሞቂያና ማቀዝቀዣው ተደማምረው በአማካይ 0.8 ኪሎዋት ቢወስዱ፣ ጉዞው በ8 ሰዓት ካለቀ 6.4 ኪሎዋት ሰዓት ይሄዳል፤ 43 ኪሎሜትር ማለት ነው። ጉዞው 12 ሰዓት ከፈጀ 9.6 ይሆናል፤ 64 ኪሎሜትር። ይህ ከደምበጫ እስከ ቡሬ ካለው መንገድ ጋር ይቀራረባል። ያው መኪና፣ ያው ባትሪ፣ ያው ሾፌር ነው። የተለወጠው የመንገዱ ሰላምና ጥራት ብቻ ነው። በአማራ ክልል በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ግጭት ከተቀሰቀሰ ወዲህ ይህ መስመር ስንት ጊዜ እንደተዘጋ፣ ስንት ተጓዥ በመንገድ ቆሞ እንደዋለ የአካባቢው ሰው ያውቀዋል። በነዳጅ መኪና ሞተር አጥፍቶ መጠበቅ ሰዓት ማባከን ነው። በኤሌክትሪክ መኪና ኤሲ ከፍቶ መጠበቅ መንገድ ማሳጠር ነው።

ለፍትሕ ያህል ዳገቱም ድርሻውን ይውሰድ። ከነተሳፋሪው 1,800 ኪሎ የሚመዝን መኪና ከዓባይ ወንዝ እስከ ደጀን አፋፍ 1,400 ሜትር ገደማ ሲወጣ ለከፍታው ብቻ 7 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ፣ ከብክነቱ ጋር 8 ገደማ ይፈልጋል። ሜዳ ላይ ከ50 ኪሎሜትር በላይ የሚያስኬድ ነው። እርግጥ ቁልቁለቱ ላይ ሞተሩ እንደ ጄኔሬተር ሆኖ የተወሰነውን ወደ ባትሪው ይመልሳል፤ ሁሉንም ግን አይመልስም። በረሃውን ለማለፍ ኤሲው የሚወስደው 2 ወይም 3 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ስለዚህ «ኤሲው ነው የጨረሰብኝ» የሚል ሾፌር ብዙ ጊዜ ዳገቱን ረስቶታል።

ይህን የሚያውቅ ሰው ከጎሃ ጽዮን አፋፍ ላይ ባትሪውን 100 በመቶ ሞልቶ አይወርድም። ሙሉ ባትሪ የሚመለስ ጉልበት መቀበያ ቦታ የለውም፤ ስጦታው ይባክናል፣ ፍሬኑም ይግላል። ማሞቂያውንም ማቀዝቀዣውንም ገና ቻርጀር ላይ እንደተሰካ ያስጀምራል፤ መኪናውን ለመጀመሪያ ጊዜ ማሞቅ ወይም ማቀዝቀዝ ከሁሉ የሚከብደው ነውና ያ ከመስመሩ ይሁን። በብርድ ማለዳ መኪናው የመቀመጫ ማሞቂያ ካለው እሱን ያስቀድማል፤ ከ50 እስከ 100 ዋት ብቻ ነው የሚወስደው፣ አየሩን ሁሉ ማሞቅ ግን ኪሎዋቶች ይፈጃል። ለጎጃም ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ቤቱን ሁሉ ከማሞቅ ጋቢ መደረብ ይቀላል የሚለው የአያቱ ዘዴ ነው።

«ኤሲውን አጥፋው» ለሚሉ

ኤሲ ማጥፋት ቀላል ምክር ይመስላል። ሁልጊዜ አይሠራም። በሐምሌ ከደጀን እስከ ደብረ ማርቆስ ዝናብና ጉም ባለበት፣ አምስት ሰው በተጫነበት መኪና የፊት መስታወቱ በትንፋሽ ይሸፈናል። ያን የሚያጠራው ኤሲውና ማሞቂያው አንድ ላይ ሲሠሩ ነው፤ ኤሲው እርጥበቱን ያወጣል፣ ማሞቂያው መስታወቱን ያደርቃል። እዚያ ላይ ባትሪ ለመቆጠብ ማጥፋት ገደል ለማየት አለመፈለግ ነው። በበረሃው ግለትም ማቀዝቀዣው ለሰው ብቻ አይደለም። ብዙ መኪኖች ላይ ባትሪውንም የሚያቀዘቅዘው ያው ኮምፕሬሰር ነው።

ደግሞም በመኪናው ውስጥ ማን እንዳለ ይታሰብ። ከፍኖተ ሰላም ባሕር ዳር ወደ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የሚላክ ታማሚ ከ170 ኪሎሜትር በላይ ይጓዛል። የወለደች እናት፣ ትኩሳት ያለበት ሕፃን፣ ሳንባቸው የታመመ አባት ሊሆኑ ይችላሉ። ሾፌሩ የባትሪውን ቁጥር እያየ «ማሞቂያውን ልዝጋው ወይስ እንጅባራ እደርሳለሁ?» እያለ ማስላት የለበትም። አገሪቱ ሌላ መኪና እንዳይገባ ከከለከለች ይህን ሂሳብ ለሾፌሩ ብቻ ልትተወው አትችልም።

በሌላ ወገን «ይኸው፣ የኤሌክትሪክ መኪና ለእኛ አገር አይሆንም» የሚሉ አሉ። ይህም አያስኬድም። ኖርዌይ በረዶ አገር ናት። እንደ አውሮፓውያን በ2024 ከተሸጡት አዳዲስ መኪኖች ከአሥሩ ዘጠኝ የሚጠጉት ኤሌክትሪክ ነበሩ። የእነሱ ብርድ ከቡሬ ብርድ ጋር አይወዳደርም። ብርዱ መኪናውን አላስቀረውም፤ ምክንያቱም የጠፋው ጉልበት የሚተካበት ጣቢያ በመንገዱ ሁሉ አለ። የምዕራብ ጎጃም የአየር ጠባይ ለባትሪ ገር ነው። የደጋው አየር ሳስቶ ስለሚገኝም መኪናውን የሚገፋው ነፋስ ይቀንሳል፤ እንደ ነዳጅ ሞተር አየር አጥሮት የሚደክም ነገርም የለውም። ከተፈጥሮ ጋር ከሆነ ጎጃም ከኦስሎ ይልቅ ለኤሌክትሪክ መኪና የተመቸ አገር ነው።

የጎደለው ማረፊያው ነው። ቻርጀሮች በብዛት ያሉት አዲስ አበባ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. የከፈተው ፈጣን ቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያ የሚያስመሰግን ነው፤ እሱም የጀመረው ከዚያው ከመዲናዋ ነው። ከከተማ የማይወጣ መኪና ግን ማታ ቤቱ ሰክቶ ያድራል፤ ከሁሉም በላይ ፈጣን ቻርጀር የሚያስፈልገው አገር አቋራጩ ነው። ቡሬ የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ፓርክ የተተከለባት ከተማ ናት፤ ለፋብሪካ መስመር የተዘረጋበት አካባቢ ለጥቂት ቻርጀሮች የሚሆን አያጣም። ፍኖተ ሰላም የዞን ከተማ ናት፤ ደብረ ማርቆስ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት። ከእነዚህ በአንዱ የተተከለ፣ መብራት ሲጠፋ የማይጠፋ ጣቢያ ከአሥር ማስታወቂያ ይበልጣል።

የት የት ይተከል የሚለውን ለማወቅም ከውጭ አማካሪ መጥራት አያስፈልግም። ቅፍለቱ መልሶታል። በረሃው ሳይጀመር ጎሃ ጽዮን፣ በረሃው ሲያልቅ ደጀን፣ ከዚያ ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ፣ ከዚያ ዳንግላ። በቅሎ የደከመበት ቦታ ሁሉ ባትሪም የሚደክምበት ነው። ሻጮችም ከካታሎጉ ቁጥር አጠገብ ሁለተኛ ቁጥር ይጻፉ፤ ማሞቂያ ተከፍቶ፣ ዳገት ተወጥቶ የሚገኘውን። መኪናው ሂት ፓምፕ ይኑረው አይኑረው ገዢው ሳይጠይቅ ይነገረው። ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ሰው የሚገዛውን ስንቅ ልክ የማወቅ መብት አለው።

በየካቲት 1933 ዓ.ም. መጨረሻ ጣሊያን ቡሬን ለቀቀ። መጋቢት 28 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ፤ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ። ድሉ የተገኘው ግመሎቹ ስለበቁ አልነበረም። ግመሎቹ ሲወድቁ የጎጃም ገበሬ ስንቅ ይዞ ስለጠበቀ፣ በቅሎና አህያውን ስላወጣ፣ አርበኛው መንገድ ስለመራ ነው። እንግዳው እንስሳ የቀረበትን የአገሬው ማረፊያ ሞላው።

ቀድሞ ወጀት ትባል የነበረችው ከተማ ያን ጊዜ ያለፉባት ንጉሥ ስም አወጡላት ይባላል፤ ፍኖተ ሰላም፣ የሰላም መንገድ። ስሙ ሁለት ነገር በአንድ ይጠይቃል፤ መንገድም ሰላምም። ባትሪ የሚያልቀው በዳገት ብቻ አይደለም፣ በመቆምም ነው። መንገዱ ክፍት ከሆነ፣ በየማረፊያውም የሚሰካበት ከተገኘ፣ ያቺ ከፊት የተቀመጠች እናት መስኮቷን ዘግታ፣ ማሞቂያው ተከፍቶላት፣ ሾፌሩም ቁጥሩን ደጋግሞ ሳያይ ቡሬ ትገባለች።